በብሎጌ የከበረው ሰው

ይህ ነገር የደረሰብኝ በ2006 ዓ.ም. ግድም አርባ ምንጭ በመምህርነት ስሠራ ነው። ዓመታት አልፈውታል። ነገር ግን ሰው ስለ ዝናና ስለ እውቅና ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ሲለኝ ደግሞ እስከ ዛሬ ፊቴ ይኮሳተራል።

በዚያን ጊዜ ብሎግ እጽፍ ነበር። በስሜ አልጽፍም፤ “የሲቀላ ሰው” እያልኩ ነበር የምፈርመው። ስለ ውሃ መቋረጥ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ላንቴ ሙዛቸውን ቆርጠው መኪና ሲጠብቁ ስለሚውሉ ገበሬዎች፣ ከላይኛው የከተማው ክፍል ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ ስወርድ በመንገድ ላይ ስለማየው ሁሉ እጽፋለሁ። ከትምህርት ቤት ስወጣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ጥጉን እይዛለሁ። መብራት ሲጠፋ የጻፍኩት አብሮ ይጠፋል፤ ሲመጣ እንደገና እጀምራለሁ።

መጀመሪያ ላይ የሚያነበኝ ሰው አልነበረም። ቀስ በቀስ ግን የከተማው ሰው “የሲቀላው ሰውዬ ዛሬ ምን አለ?” መባባል ጀመረ። ሰውዬ ነበር የሚሉኝ። ሴት ልትሆን ትችላለች ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አላረምኳቸውም። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር አፉን የሚከፍት መምህር አይወድም፤ እኔ ደግሞ ከአባቴ ሞት በኋላ እናቴን የማስተዳድረው በዚያችው ሥራ ነበር።

ተካልኝ የሚባል ሰው ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነው። አባቱ ከሰሜን ሸዋ ለሥራ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ሴቻ ላይ ቤት ሠርተው በጡረታ የሚኖሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ግን በዚያ ሁሉ ሙቀት አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሐይቁን የሚያሳይ በረንዳ ካለው ሆቴል አይጠፋም። ደራሲ እንዲህ ይለብሳል ብሎ ማን እንደነገረው አላውቅም። ጽፎ ያየው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን እዚያ በረንዳ ላይ አንዱ “የሲቀላ ሰው አንተ ነህ አይደል?” ብሎ ጠየቀው አሉ። ተካልኝ ዝም ብሎ ፈገግ አለ። ይቺ ፈገግታ በቃች። በሳምንቱ “አልናገርም ብያለሁ፣ አታድርቁኝ” ማለት ጀመረ። በወሩ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሠርግ ላይ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ስለ ውሃ የጻፍኩትን ጽሑፍ ምን ያህል እንዳስቸገረው ሲያወራ በጆሮዬ ሰማሁ። “ስጽፈው አልቅሻለሁ” አለ። እኔ ስጽፈው አላለቀስኩም። ከቧንቧ ውሃ ካጣሁ ስለሰነበትኩ ተናድጄ ነበር የጻፍኩት።

እውነቱን ለመናገር ያኔ ሳቅሁ እንጂ አልተቆጣሁም። ጋሻ ሆነልኝ። ዳይሬክተራችንም “ያ ተካልኝ የሚባል ለፍላፊ” እያለ ሲረግመው እሰማለሁ። እሱ ዓሣ ጥብስ ይጋበዛል፣ ሠርግ ላይ የክብር ወንበር ይሰጠዋል፤ እኔ በሰላም እጽፋለሁ። ሌባም ለካ አንዳንዴ ይጠቅማል ብዬ ለራሴ ቀለድኩ።

በዚያው ዓመት ከጨንቻ አለፍ ብሎ የሚገኘውን የአባቴን አገር ዱቡሻ አንድ ባለሀብት ሎጅ ሊሠራበት ጠየቀ፤ ሊሰጠው ነው የሚል ወሬም መጣ። ዱቡሻ የጋሞ ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት መስክ ነው። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። እዚያ ቆሞ መዋሸት ነውር ብቻ አይደለም፤ ጎሜ ነው ይላሉ፣ መዘዙ ለአገር የሚተርፍ ኃጢአት ማለት ነው።

እኔም “አባቴ የታረቀበት መስክ” ብዬ ጻፍኩ። አባቴና ታናሽ ወንድሙ በድንበር ተጣልተው ነበር። አባቴ በንዴት የወንድሙን እንሰት ቆርጦ ጣለበት። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በአንድ መንገድ አልሄዱም። ሽማግሌዎች እዚያ መስክ ላይ አስቀምጠው አስታረቋቸው፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተቃቅፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ። የማንንም ስም አልጠቀስኩም። ሎጅ እንደዚያ ያሉ ሰዎችን የት ያስታርቃቸዋል ብዬ ጨረስኩ።

ጽሑፉ ከጠበቅሁት በላይ ሄደ። ሰው አትሞ አባዛው፣ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፣ አዲስ አበባ ያሉ የአገሩ ልጆች ተቀባበሉት። ብዙ ሳይቆይ የሎጁ ነገር ቀረ ተባለ። ሽማግሌዎቹም “ይህን የጻፈ ልጅ መጥቶ ይመረቅ፣ ቡሉኮ እናልብሰው” ብለው ላኩ። መልእክቱ ለማን ደረሰ? ለተካልኝ ነዋ!

እምቢ ይላል ብዬ ነበር። የሠርግ ወንበርና የሰው መስክ አንድ አይደለም። እሱ ግን ሚኒባስ አስተባበረ፣ ፎቶ አንሺ ያዘ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ ሰው ጋበዘ። ከትምህርት ቤታችንም ሁለት መምህራን ይሂዱ ሲባል እጄን አወጣሁ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲሸለም ማየት ፈለግሁ።

መንገዱን ሁሉ ሲያወራ ሄደ። ዳገቱን ስንወጣና ብርዱ ሲመጣ ሻርፑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ። መኪናው ውስጥ አባቱን የሚያውቁ፣ ጎረቤት ሆነው ያደጉ ሰዎች ነበሩ። “አባቴ የታረቀበት” የሚል ጽሑፍ የሸዋ ሰው ልጅ እንዴት ይጽፋል ብሎ የጠየቀው አንድም አልነበረም። ከዝነኛ ሰው ጋር ፎቶ ሊነሡ ነው የመጡት፤ ምን ቆርጧቸው ይጠይቃሉ?

መስኩ ላይ ሽማግሌዎቹ በዙሪያ ተቀምጠው ጠበቁን። አጎቴ፣ አባባ ቶማ፣ ከፊት ረድፍ ነበሩ። የእንሰቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ስለ ዱቡሻው የሚናገር ጽሑፍ እንዳለ እንጂ ዝርዝሩን አልሰሙም ነበር። እኔ በአገሩ ወግ ከሴቶቹ ጋር ዳር ተቀመጥኩ። አጎቴ ከሩቅ አይተውኝ እጃቸውን አነሡልኝ።

አንድ የአካባቢው መምህር ጽሑፉን ወደ ጋሞኛ እየመለሰ ሙሉውን አነበበ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ያን ሁሉ ጊዜ ስጽፍ አንባቢዎቼን በዓይኔ ዓይቼ አላውቅም ነበር። ሽማግሌዎች ራሳቸውን ሲነቀንቁ ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ። ተካልኝ ደግሞ መሐል ቆሞ በትሕትና አንገቱን ደፍቶ ነበር። ትሕትና!

ጉባኤውን የሚመሩት ሃላቃ ተነሡና በአማርኛ “ጥሩ ነገር ጻፍክ፣ ተባረክ። ብዙ ሰው እዚህ ታርቋል። አንተ የማን ልጅ ነህ? አባትህን ንገረንና አብረን እንመርቀው” አሉት።

ተካልኝ ይህን አላሰበበትም። የእኔ ነው ባለው ጽሑፍ ውስጥ አባት እንዳለ የገባው ያኔ ይመስለኛል። “እኔ… የሁላችሁም ልጅ ነኝ” አለ። ሃላቃው አልሳቁም። “እሱስ ደግ ነው። የወለደህ ማን ነው?” አሉ።

ያኔ አጎቴ ከተቀመጡበት ተነሡ። እሳቸውም በአማርኛ “እንሰቱ የተቆረጠበት እኔ ነኝ! የእኔ እንሰት ነው! የቆረጠው ወንድሜ ዳና ነው። አንተ የዳና ልጅ ነህ?” አሉ።

ተካልኝ አንዴ ሃላቃውን፣ አንዴ ፎቶ አንሺውን አየ። ከዚያ “አዎ” አለ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አጎቴ ሮጠው አቀፉት። አባቴ የተወው እኔንና እህቴን ብቻ ነው፤ ወንድ ልጅ አልነበረውም። አጎቴ “ወንድሜ ወንድ ልጅ ነበረው!” እያሉ ያለቅሱ ጀመር። ቡሉኮውን ከሃላቃው እጅ ተቀብለው በገዛ እጃቸው አለበሱት። ተካልኝም አቅፏቸው፣ ወደ ፎቶ አንሺው ዞሮ ቆመ።

ከኋላዬ ሴቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። “ዳና ከተማ ሲሠራ ከሌላ ወልዶ ኖሯል?” አለች አንዷ። “ሚስቱ ታውቅ ይሆን?” አለች ሌላዋ። ደሜ ፈላ። አባቴ እናቴን ሳያስቀይም ኖሮ፣ ሰው እንዳከበረው የተቀበረ ሰው ነው። ወሬው ከእኛ ቀድሞ አርባ ምንጭ ይገባል። እናቴ ጠዋት ገበያ ስትወጣ ባሏ የደበቃት ልጅ እንዳለ ከሰው አፍ ትሰማለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ የገዛ አባቱ በሕይወት እያሉ፣ ለአንድ ቡሉኮና ለአንድ ፎቶ ሲል አባት በለወጠ ሰው ምክንያት ነው።

ብሎጌን ሲሰርቀኝ ሳቅሁ። አባቴን ሲወስድ ግን ዳይሬክተሩም፣ ሥራውም፣ መደበቁም ከሐሳቤ ጠፉ። ተነሣሁ። ሃላቃው እንድናገር እስኪፈቅዱልኝ ጠበቅሁ። ከዚያ በጋሞኛ “የዳና ልጅ እኔ ነኝ። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባቴ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ይህን ሰው አያውቀውም ነበር” አልኩ።

ሃላቃው ወደ ተካልኝ ዞሩና ምን እንዳልኩ በአማርኛ ነገሩት። እሱም ጉሮሮውን ጠራረገና “ይህ እንግዲህ የሥነ ጽሑፍ ስልት ነው። ደራሲ በሌላ ሰው አፍ ሊናገር ይችላል” አለ። እዚያ መስክ ላይ፣ ቡሉኮ ለብሶ፣ ሽማግሌ አቅፎት! ብዙ ውሸታም አይቻለሁ፤ ውሸቱን ትምህርት አድርጎ የሚያስረዳ ግን እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

የማዝነው በመኪናው ሰዎችም ነው። አንዱም ቶሎ አፍ አላወጣም። መጨረሻ ላይ ፎቶ አንሺው ካሜራውን አወረደና “አባቱን አውቃቸዋለሁ፣ ሴቻ ነው ያሉት” አለ። አጎቴ እጃቸውን ከተካልኝ ትከሻ ላይ ቀስ ብለው አነሡ። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አልገፋውም። ሃላቃው ቡሉኮውን ተቀብለው አጣጠፉት፤ በዚያን ቀን ለማንም አልተሰጠም። ስለ ጎሜው ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ሊመክሩ ቀሩ። ተካልኝ ሄዶ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀመጠ።

አጎቴ ወደ እኔ መጥተው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። “ወንድ ልጅ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር” አሉ። አልዋሹኝም። ይህ ቃል እንደጎዳኝ አልደብቅም። ቀጥለው ግን “እንሰቱን ስትጽፊ አባትሽን ክፉ አላደረግሽውም፤ እኔንም አላዋረድሽኝም። አሁን አንቺው በአፍሽ ንገሪኝ” አሉ። እኔም በጋሞኛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። አንዳንድ ቦታ ላይ “እንደዚያ አይደለም” ብለው አረሙኝ። ጉሙ መስኩን ሸፍኖት ሾፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ አብረን ተቀመጥን። ካነበቡኝ ሰዎች ሁሉ የምኮራው በእኚህ ማንበብ በማይችሉት ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ወሬው ከተማ ገባ፤ እናቴ ግን እውነቱን ከእኔ አፍ ቀድማ ሰማች። ዓመቱ ሳያልቅ “ለሥራው ቅልጥፍና” ተብሎ ራቅ ወዳለችው የገጠር ከተማ ወደ ካምባ ተዛወርኩ። ዳይሬክተራችን ዓይኔን ሳያይ ነበር የነገረኝ። ብሎጉን በስሜና በአባቴ ስም መጻፍ ጀመርኩ። እናም “የሲቀላው ሰውዬ” ሲሉ የነበሩት ብዙዎቹ ጥለውኝ ሄዱ። ያው ብሎግ፣ ያው እጅ፣ ያው አማርኛ ነው። አንዱማ “የተካልኝን ሥራ ሰርቃ በስሟ አወጣች” ብሎ ጻፈልኝ። እንዲህ ያለ አንባቢ እንኳን ሄደ።

ተካልኝ አፍሮ አገር የለቀቀ ይመስላችኋል? ጭራሽ! በዓመቱ “የማኅበራዊ ሚዲያ አጻጻፍ” ብሎ ለወጣቶች ሥልጠና መስጠት ጀመረ። የምስክር ወረቀትም ይሰጣል አሉ።

ከካምባ ለእረፍት የመጣሁ ጊዜ ሲቀላ ገበያው አጠገብ ፊት ለፊት ተገናኘን። ያፍራል፣ መንገድ ይቀይራል ብዬ ነበር። ሻርፑን አስተካክሎ እጁን ዘረጋልኝ። “ጽሑፎችሽን እከታተላለሁ፤ እየተሻሻልሽ ነው፣ በርቺ” አለኝ።

መሳደብም፣ መሳቅም ቃጣኝ። አንዱንም አላደረግሁም። እጁን ጨብጬ፣ እንደማንኛውም ሰው “አባትህ ደህና ናቸው?” አልኩት።

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ቸኩሎ ባጃጅ ጠራና ሄደ። አሁንም እንደናቅሁት ነኝ፤ ልቤን ግን አይከብደውም። አርባ ምንጭ በመጣሁ ቁጥር መንገድ ላይ ካገኘሁት ሌላ ነገር አልናገረውም፤ ስለ አባቱ ጤና ብቻ እጠይቀዋለሁ።