ወደ ውስጥ የዞረችው ቀስት

የላሜራ ቱቦ በኮምፒውተር ስነድፍ መጀመሪያ ክብ እስላለሁ፣ ቀጥሎ ውፍረት እሰጠዋለሁ። ያን ጊዜ ሶፍትዌሩ አንዲት ትንሽ ቀስት ያሳየኛል። ውፍረቱ ከመስመሩ ወደ ውጭ ይሂድ ወይ ወደ ውስጥ የምትወስነው እሷ ናት። ዛሬም ሁለቴ ሳላያት አላልፍም።

የምሠራው ሸዋሮቢት፣ አንድ ብረታ ብረት ቤት ነው። እኔ እነድፋለሁ፤ ቆርጠው፣ ጠቅልለው የሚበይዱት ደግሞ ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ከቀወት ገጠር አንድ አዛውንት ገበሬ መጥተው በውሃ ሞተራቸው አፍ ላይ የሚጠለቅ ቱቦ አዘዙ። የሞተሩ አፍ ስፋቱ ሃያ ሳንቲም ነው። ከዚያ አንዲት ሚሊ የሰፋ ክብ ሳልኩና ሦስት ሚሊ ውፍረት ሰጠሁት። ጎኑንም በቀጭኑ ሰነጠቅሁት፤ ካልተሰነጠቀ ሶፍትዌሩ ቱቦውን ዘርግቶ ጠፍጣፋ ልኩን አያሳይም። በዚያች ስንጥቅ ጋሼ ላይ ስንት ተኮፈስኩባቸው! እሳቸው በሲባጎ እየለኩ ያረጁ ሰው ናቸው። እሺ ብለው በልኬቴ ቆረጡ፣ ጠቀለሉ፣ ስንጥቁን በየዱ።

ቱቦው አልገባ አለ። ገበሬው በአህያ ጭነው መለሱት። ሽንኩርታቸው ውሃ ጠምቶታል፣ ፀሐዩም ያው የቆላ ፀሐይ ነው፤ ተቆጥተዋል። ደንበኛ በሞላበት፣ በያጁ ስንጥቁን አጥብቀው ዘግተውት ነው፣ ዓይናቸውን የብየዳ እሳት ጨርሶታል አሉ። ጋሼ ወደ እኔ ዞር አሉ። እኔ ማውዙን እየነካካሁ ጭጭ። እሳቸውም ቱቦውን ቀደዱና ቁራጭ ላሜራ ጨምረው አሰፉት።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ሥዕሉን ከፈትኩት። ቀስቷ ወደ ውስጥ ዞራለች፤ ውፍረቱ ከግራም ከቀኝም የቱቦውን ሆድ በልቶታል። ጉዴ! ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔው ግን ሳምንትም ሳይሞላው ነቀዘ። ከቀወት ገጠር የሚመጣው ሥራ ቀረ። ይባስ ብሎ ጋሼ መነጽር የት እንደሚገኝ ሲጠይቁ ሰማሁ። ራሳቸውም ዓይናቸውን ተጠራጥረውታል!

ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ። መዶሻቸውን አስቀመጡና፣

"ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ዕውር ላሉኝ ሰው ንገሪ" አሉኝ።

በማግስቱ በባጃጅ ሄድኩ። ገበሬው ሽንኩርታቸውን እያረሙ ነበር። አንገቴን ደፍቼ፣ ጥፋቱ የእኔ ሥዕል እንጂ የጋሼ እጅም ዓይንም እንዳልሆነ ዘረዘርኩላቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ።

"ልጄ፣ እኔኮ መስጊድ ደጃፍ ሳይቀር አውርቼዋለሁ" አሉ። "ይሄ የሰው ሐቅ ነው። አላህ ፊት ያስጠይቀኛል።"

እጃቸውን ከቦዩ ተለቃልቀው ዱላቸውን አነሱ። ቆም ብለው መንደሩን ከዳር እስከ ዳር አዩት። እኔም አብሬ አየሁት፤ ስንት ቤት ነው!

"ነይ፣ ከዚህኛው እንጀምር" አሉኝ። "እኔ ያወራሁትን እመልሳለሁ። አንቺም ዝም ያልሽውን ትናገሪያለሽ።"