ፀሐይ አግኝቶታል?

አክስቴ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰው አያምኑም ነበር። እኛ ልጃገረዶች የወር አበባ ጨርቃችንን አጥበን፣ ሰው እንዳያይብን እርጥቡን መኝታችን ሥር ስንወሽቅ ጎትተው ያወጡና ያሸቱታል። "ፀሐይ አግኝቶታል? እርጥቡን ታጥቀሽ በሽታ ልታመጪ ነው?" ይሉና በእንዶድ አሳጥበው፣ ኮልፌ ግቢያችን አጥር ላይ ያሰጡታል።

በጣልያን ጊዜ አንድ ቀን ባንዳ ለፍተሻ ገባ። የደም ምልክት ያልለቀቀውን ጨርቄን ከአጥሩ ላይ አንስቶ፣ "የቆሰለ ሽፍታ የት ደብቃችኋል?" ብሎ አፈጠጠ። በእንዲህ ያለ ጥርጣሬ ቤት ይቃጠል ነበር። እኔ ከፍርሃቱ እፍረቱ ባሰብኝ።

አክስቴ ወገባቸውን ይዘው፣ ጎረቤት እስኪሰማ "የልጄ የወር አበባ ነው! አንተን ሴት አልወለደችህም?" አሉት። ባንዳው እጁን እንዳቃጠለው ሁሉ ጨርቁን ወርውሮ ወጣ።

እሳቸው ግን ይመለስ ይሆናል ብለው መንገዱን እየቃኙ ጨርቁን አነሱና አሸተቱት።

"አፈር ነክቶታል፤ እንደገና እጠቢው።"

ጣልያን ከወጣ ሃያ ዓመት አለፈው፤ ዛሬ የሴት ልጄን ጨርቅ እዚያው አጥር ላይ አሰጣለሁ። ደርቆም አላምነውም። እንደ አክስቴ "እስቲ አምጪው" ብሎ ከእጄ ተቀብሎ የሚያሸትልኝ ግን የለም።