የማሽኑ ግራ እግር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሐጂ ኑረዲን አንድ የብረት ትሪ ሰጡኝ። ሐጂ በሰበታ ከተማ ዋናው መንገድ ላይ የማሽነሪ መለዋወጫ ሱቅ ነበራቸው፤ እኔ የተቀጠርኩት ዕቃ ቤቱን እንድይዝ ነው። ትሪው ላይ አውራ ጣት የሚያህሉ፣ እንደ ብሎን ጥርስ ያላቸው፣ ጥቁር የጎማ ቀለበት ያጠለቁ ብረቶች ነበሩ። “እስከ ምሳ በየዓይነታቸው ለያቸው” አሉኝ። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የመጣሁ ነኝ፤ በቁመትና በውፍረት ደረደርኳቸው። ሐጂ ከሶላት ተመልሰው አዩና ሳይቆጡ “ሁሉም ተሳስቷል” አሉ።

ብረቶቹ የሃይድሮሊክ ካርትሪጅ ቫልቮች ናቸው። በዘይት ግፊት በሚሠራ ማሽን ውስጥ ዘይቱን የሚያሳልፉና የሚያግዱ በሮች ናቸው ማለት ነው። ሐጂ በወጣትነታቸው መካኒክ ስለነበሩ ታሪኩን ያውቁ ነበር። ድሮ እያንዳንዱ ቫልቭ የራሱ የብረት ቤት ነበረው፤ አንዱ ከሌላው በቧንቧ ይያያዛል፣ በየመጋጠሚያውም ዘይት ይንጠባጠባል። ኋላ ፋብሪካዎቹ አንድ ወፍራም ብረት ላይ ብዙ ቀዳዳ በስተው ቫልቩን እንደ አምፖል ማሰር ጀመሩ።

ጀርመኖቹ ለትልልቅ የብረት መጭመቂያ ማሽኖች የሚሆነውን፣ ጥርስ የሌለውንና በክዳን የሚታፈነውን ይዘው ገፉበት። የእሱ ቀዳዳ በስምምነት አንድ ሆነ፤ የአንዱ ፋብሪካ ለሌላው ይገባል። ጥርስ ያለውን ትንሹን ያበዙት አሜሪካኖቹ ናቸው። እዚያ ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ቀዳዳ አወጣ። በኋላ ብዙዎቹ ወደ አንድ መጠን ሲጠጉ እንኳ በራሱ መጠን የጸና ፋብሪካ አለ። ጣልያኖቹ የሁሉንም ዓይነት ይሠራሉ። የፋብሪካዎቹን ስም እዚህ አልደረድርም። አንዱ ሌላውን ይገዛና አምና የማውቀው ቫልቭ ዘንድሮ በሌላ ካርቶን ይመጣል። ከሃያ ዓመት በላይ ይዣቸው ማን የማን እንደሆነ አሁንም ይምታታብኛል።

ስለዚህ ሐጂ ያስተማሩኝ ደንብ አንድ ነበር፤ ደንበኛው ይዞ የመጣውን ቫልቭ አትመኚ፣ ቀዳዳውን እመኚ። ቀዳዳውን ዘይት እንቀባለን፣ የጎን መውጫዎቹን በጨርቅ እንደፍናለን፣ ከዚያ ሻማ አቅልጠን እናፈስሳለን። ሲረጋ እያዞርን እናወጣውና ካሊፐር በሚባለው መለኪያ እለካዋለሁ። ጥርሱ አንድ ሆኖ ከጥርሱ በታች ያለው አፍንጫው በሁለት ሚሊሜትር የሚያጥር ቫልቭ ይታሰራል፤ ሥራውን ግን አይሠራም።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ግርግር የተነሳ ጊዜ ይህን ደንብ አንድ ቀን ጣስኩ።

በዚያ ሰሞን ምን እየሆነ እንደነበር በትክክል የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ሬዲዮው ፕላኑ ቀርቷል አለ። ዳቦ የምገዛባቸው ባለሱቅ አልቀረም አሉ። ቡራዩ መንገድ ተዘግቷል፣ ሱሉልታም ተዘግቷል ይባላል፤ ማን እንደዘጋው ስጠይቅ አንዱ ተማሪዎች፣ አንዱ ወታደሮች ይለኛል። እኛም ግማሹን በር ከፍተን እንሠራ ነበር።

አንድ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ደንበኛችን ኦቦ ቶለሳ ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ። ገበሬ ነበሩ። መሬታቸው ለፋብሪካ ሲወሰድ በካሳው ከወንድማቸው ጋር አንድ አሮጌ መቆፈሪያ ማሽን ገዙ። እንዲህ ያለው ማሽን ሲቆፍር እንዳይናወጥ ከኋላው ሁለት የብረት እግሮች አውርዶ መሬት ይረግጣል።

“አዴ አስካለ፣ ግራ እግሩ አልነሳ አለኝ” አሉ። “ወደ ተጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሟል።”

“ሾፌሩስ?”

“ጥሎት ጠፋ። መንገዱን የዘጉት ልጆች የማን ነው ቢሉት የባለሀብት ነው ብሏቸዋል። ከተማ መሬት ሊበላ የመጣ ማሽን ነው ብለው እስከ ማታ ያቃጥሉታል።”

“የእርስዎ መሆኑን አልነገሯቸውም?”

“ነገርኳቸው እንጂ! እኔም መሬቴ የተወሰደብኝ ነኝ አልኳቸው። ይሄ ግን ማሽኑ ላይ አልተጻፈም።”

አፍንጫው የተበላውን ቫልቭ ከኪሳቸው አወጡ። ጽሑፉ የጣልያን ነው፤ ጥርሱ መደርደሪያዬ ላይ ካለው አንዱ ጋር ይገጥማል። “ሻማ አፍስሰው የቀዳዳውን ቅርጽ አምጥተውልኛል?” አልኳቸው።

“አዴ፣ ሻማ እስካፈስስ ማሽኑ ራሱ ሻማ ይሆናል።”

ያንኑ ከመደርደሪያው አውርጄ ሰጠኋቸው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ተመለሱ። “ገባ” አሉ። “እግሩም ተነሳ። ማንሻውን ስለቀው ግን ቁልቁል ይወርዳል። እግሩ መሬት እየጎተተ እንዴት ልንዳው?”

አፍንጫው አጥሮ ነው። ዘይቱ በጎኑ ሾልኮ ይመለሳል። ሻማና ክብሪት፣ ካሊፐርና አንድ ከረጢት ቫልቭ ያዝኩ። ሐጂ “የት ነው? በዚህ ቀን አትሄጂም” አሉኝ። “የሰጠሁት እኔ ነኝ” አልኳቸው።

አንድ ሰዓት ያህል በእግራችን ሄድን። ማሽኑ ቆሞ ነበር። ከእሱ ሃያ እርምጃ ወዲያ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ከስልክ እንጨት እስከ ባሕር ዛፍ ሰንሰለት ተወጥሯል። ስድስት ሰባት ወጣቶች ከበቡን። ግራጫ ጃኬት የለበሰው ከኦቦ ቶለሳ ጋር በኦሮምኛ ተጨቃጨቀ፤ ግማሹ ገባኝ። አንዱ “ማሽን ያለው ሁሉ ቀማኛ ነው” ሲል ሌላው “ተው፣ የአጎቴ ጎረቤት ናቸው” አለው። መጨረሻ ላይ ባለጃኬቱ በአማርኛ “እኛ አንነካውም” አለኝ። “ከወዲያ ማዶ ስለሚመጡት ግን አናውቅም። ቶሎ አንሱት።”

ከወዲያ ማዶ የሚመጡት እነማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም።

ኦቦ ቶለሳ ቫልቩን ፈቱ፤ እኔ ቀዳዳውን ጠርጌ በቆርቆሮ ጣሳ ሻማ ማቅለጥ ጀመርኩ። ነፋሱ አጠፋው። ደግሜ ለኮስኩ።

“አዴ፣ ለማሽን ሻማ ይበራል እንዴ?” አለ አንዱ። “ስለት አለባችሁ?” ሳቁ።

ሦስተኛውን ክብሪት ስጭር ከማዶ ጩኸት ተሰማ። ባለጃኬቱ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። “ቆይ፣ ችግሩ ምንድን ነው?”

“እግሩ ይነሳል፤ ግን ይወርዳል።”

“ታዲያ እግሩን ከፍ አድርጋችሁ ለምን አታስሩትም?”

እኔና ኦቦ ቶለሳ ተያየን። እሳቸው ማሽኑን ዓመታት ይዘውታል፤ እኔ በቫልቭ ሃያ ዓመቴ ነው። ሁለታችንም ትክክለኛውን ቫልቭ ከመፈለግ በቀር አላሰብንም።

ኦቦ ቶለሳ ያንኑ የተሳሳተ ቫልቭ መልሰው አሰሩት። ዘይት እንዳይፈስ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ለዚያ ይበቃል። ባለጃኬቱ ሄዶ ሰንሰለቱን ከባሕር ዛፉ ፈታ። ጓደኞቹ ጮኹበት። “መንገዱን በምን እንዝጋ?” “ድንጋዩ አለላችሁ” አላቸው። ኦቦ ቶለሳ ሞተሩን አስነስተው እግሩን ከፍ አደረጉ፤ ወጣቶቹ እግሩን ከመቆፈሪያው ክንድ ጋር በሰንሰለቱ ሁለት ዙር አሰሩት። ማንሻው ተለቀቀ። እግሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ።

ማሽኑ በአንድ ጠባብ የጋሪ መንገድ ወደ ኦቦ ቶለሳ ግቢ ገባ። እኔ የመጣሁበትን መንገድ ይዤ ተመለስኩ። ማንም አልነካኝም።

በሳምንቱ እዚያው ቦታ ላይ የተቃጠለ ገልባጭ መኪና አየሁ። ማን እንዳቃጠለው ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ነገር ነገረኝ። ባለጃኬቱን ሁለተኛ አላየሁትም።

ትክክለኛው ቫልቭ ከአዲስ አበባ የመጣው መንገድ ከተከፈተ በኋላ ነው። ቀዳዳው የዚያ በራሱ መጠን የጸናው ፋብሪካ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ቀዳዳ መለካቴን አልተውኩም። ከመለካቴ በፊት ግን ማሽኑ ዛሬ ምን እንዲሠራ እንደሚፈለግ ደንበኛውን እጠይቃለሁ። ኦቦ ቶለሳ የዚያን ቀን መቆፈር አልፈለጉም ነበር፤ የፈለጉት መሄድ ነበር።