ሐዋሳ ያልሄደው ልጄ

ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ሐዋሳ ሥልጠና ሄዷል» ብዬ ነበር። ልጄ የትም አልሄደም። እዚሁ ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ፣ ከራሱ ጋር ሲያወራ ይውላል። የመኝታ ቤቱን በር የምዘጋበት እኔው ነኝ። ለሰው ሲሆንማ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልኩ የምመክር ሴት ነኝ።

ባሌ የጎጃም ሰው ነው፤ ጸበል ይግባ አለ። እኔ የወለጋ ጴንጤ ነኝ፤ ይጸለይለት አልኩ። ስንነታረክ ከረምንና ሁለታችንም ሲደክመን አትላስ አካባቢ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሟ ትስቅብናለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «መድኃኒቱን አያቋርጥ እንጂ ጸበሉም ጸሎቱም ይኑር» አለችን። ቀጥላም «ጠያቂ አለው?» አለች። «የለውም» አልናት። «ሌላ በሽተኛ እንደሚጠየቀው እሱንም ሰው ይጠይቀው፤ መደበቁ ይጎዳዋል።»

እሺ አልኳት። እሺ ያለው አፌ ነው። ሆዴማ «የእሷ ልጅ አበደ» መባልን ነበር የሚፈራው።

ብዙም ሳይቆይ ባሌ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቤታችን በጠያቂ ሞላ፤ ብርቱካኑ፣ ሙዙ፣ አጥሚቱ ማስቀመጫ ጠፋ። ልጄን ገብቼ «እንግዶቹ እስኪሄዱ እንዳትወጣ፣ እሺ የኔ ጌታ?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀልኝ።

እንግዶቹ ግን ጨዋታ ይዘው ቆዩ። ልጄ ምን ያድርግ፣ ሽንቱ ሲይዘው በፒጃማና በነጠላ ጫማ ወጣ። ከታች ፎቅ ያሉት ትልቅ ሴትዮ አዩትና «ውይ፣ ከሐዋሳ መቼ ገባህ?» አሉት።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኔን ካየኝ ስንት ጊዜው።

«አሁን ነው የገባሁት፣ እትዬ» አላቸው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ እሱን ስደብቅ እሱ ለእኔ ይዋሽልኛል! በዚያ በታመመ ጭንቅላቱ እናቴ እንዳታፍር ብሎ አሰበልኝ። ወይ እኔ እናት።

«የትም አልሄደም» አልኩ። «እዚሁ ነበር። አእምሮውን አሞት ነው። እኔ ነኝ የዋሸኋችሁ።»

ሴትዮዋ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከባሌ አጠገብ ተነሥተው ልጄ ዘንድ ሄዱና እጁን ያዙት።

«እግዚአብሔር ይማርህ፣ ልጄ» አሉት።

«አሜን» አለ።

ይህችን «ይማርህ» እንዳይሉት ነው ያን ሁሉ ወር በር የዘጋሁበት።