ከመስቀሉ ሥር ያለው ነጭ ዱቄት

«አባትሽን የበላው ውኃው አይደለም፤ ያንቺ ትምህርት ነው» አሉኝ አክስቴ እትዬ ያልጋነሽ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። እጃቸው ግን ሥራውን አላቆመም፤ ግማሽ ሎሚ አመድ ላይ እየነከሩ የእናቴን የነሐስ መስቀል ይፈትጋሉ። ወረታ የመጣሁት ልጃቸው ፈንቴ ያንን የአባቴን አሮጌ ጀልባ መጠገኑን ሰምቼ ነው። መስቀሉ ነገ ጧት ተመልሶ የጀልባው አፍንጫ ላይ ሊቸነከር ነው። የሎሚውና የአመዱ ሽታ መታኝ።

ያ ሽታ የልጅነቴ የቅዳሜ ሽታ ነው። ቤታችን ከርብ ወንዝ ዳር ነበረች። ሐምሌ ሲገባ ርብ ከአልጋው ይነሳና ጓያና ሽምብራ ያጨድንበት ሜዳ ሁሉ ባሕር ይሆናል፤ ከብቱ ወደ ከፍታው ይነዳል፣ ከአጥሩ የሚታየው ጫፍ ጫፉ ብቻ ነው፣ ወደ ቁሐር ሚካኤል መሻገር የፈለገ ሰውም ክረምቱ ሳያልቅ የሚበሰብስ የደንገል ታንኳ ለምኖ ነበር የሚሻገር። ወንዙን ሊለኩ የመጡ ፈረንጆች ሲመለሱ ግን የአሉሚኒየም ጀልባቸውን፣ መለኪያ ዘንጋቸውን ተሸክሞ ላገለገላቸው ለአባቴ ትተውለት ሄዱ፤ በአስተርጓሚም «ይህ አይዝግም» አሉት። አባቴ ይህችን ቃል እንደ ወንጌል ያዛት። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ስለሚያጠፋ ሰዉ ጀልባውን «ብሩ» ይለው ነበር፤ በሬ ሲያየው ይደነብራል፣ ዝናብ ሲዘንብበት ከበሮ ይሆናል። እህሉም፣ ሙሽራውም፣ አስከሬኑም በእሱ ተሻግሯል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ መሐል ውኃ ላይ የቄሱን ነጠላ ጫፍ የበላ በግ ተሻግሮበታል፤ ቄሱ ማዶ እስኪደርሱ ነጠላቸውን ከበጉ አፍ ሲጎትቱ ነበር።

ከእለታት አንድ ቀን አባቴ በደራሽ ውኃ ተወስዶ እስኪመሽ ሳይመለስ ቀረ፤ እናቴም ለሚካኤል ተሳለች። በሕይወት ሲመጣላት ስንዝር የሚያህል የነሐስ መስቀል ገዝታ በነሐስ ሚስማር የጀልባው አፍንጫ ላይ አስቸነከረችው። ከፍ ብሎ ይሁን ሲሏት እምቢ አለች፤ ውኃውን ፊት ለፊት እንዲገሥጸው ማዕበሉ የሚነካው ቦታ ላይ ዝቅ አድርጋ ነው ያስመታችው። በኋላ እሷን ንዳድ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ መስቀሉን በሎሚና በአመድ ይፈትገዋል፤ የአመዱ እድፍ በጀልባው ጎን እየወረደ ይደርቃል። የሚያለቅስ እንደሆነ የማውቀው በዚያን ጊዜ ጀርባውን ስለሚሰጠኝ ነው።

ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ገብቼ ለክረምቱ ስመለስ፣ በመስቀሉ ዙሪያ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር አየሁ። በጣቴ ጠረግሁት፤ ተመልሶ መጣ። ከዱቄቱ ሥር የጀልባው ገላ ፈንጣጣ እንደበላው ፊት ተቦርቡሯል፤ የቢላዋ ጫፍ ሳስጠጋበት ቅቤ ውስጥ እንደገባ ሰጠመ። የቀረውን አካሉን መረመርሁት፤ እርጥብ ሣር ላይ ሲያድር ሆዱ ላይ ካበጀው ጥቂት ነጠብጣብ በቀር ደህና ነው። የተበላው መስቀሉ የነካው ቦታ ነው። አስተማሪያችን ሁለት ዓይነት ብረት እርጥበት ውስጥ ሲነካኩ አንዱ ሌላውን እንደሚበላው አሳይቶን ነበር። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አይጮህም፤ ነጥቶ፣ ዝም ብሎ ነው የሚሞት።

«አባባ፣ መስቀሉን እንንቀለው። ጀልባውን እየበላው ነው።»

«መስቀል ሰይጣን ሲበላ እንጂ ጀልባ ሲበላ የት ሰማሽ?»

«ሰይጣኑን ጨርሶ ይሆናላ!»

አልሳቀም። «የናትሽ ስለት ነው። እሱን ከምነቅል ጥርሴ ይነቀል።»

እንግዲያው መስቀሉ ጀልባውን በምትገፋበት ዘንግ ላይ ይንጠልጠል፣ አመዱም ይበላዋልና ይቅር፣ ጀልባው ሥራ ሲፈታ እንጨት ላይ ተገልብጦ ይድረቅ አልሁ። እንጨቱን እሺ አለኝ። ሌላውን አልሰማም።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አላውቅም። የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ዋዜማው ላይ፣ ሰዉ ዳር ቆሞ ተራ ሲጠብቅ ጀልባውን እንጨቱ ላይ አቅንቼ፣ በእንስራ ውኃ እየቀዳሁ አፍንጫው ውስጥ ሞላሁ። ትንሽ ቆይቶ ከመስቀሉ ጠርዝ አንድ ጠብታ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ዙሪያውን አላበው። «አያችሁ፣ ያፈሳል!» ብዬ ጮህሁ።

እትዬ ያልጋነሽ በጉልበታቸው ወደቁ። «መስቀሉ አለቀሰ!»

እልልታው ሜዳውን ሞላው። ሴቶቹ ጠብታውን በመዳፋቸው እየተቀበሉ ዓይናቸውን አሹ፤ ጆሮው የሚመግል ሽማግሌ ጆሮውን ደቅኖ ቆመ።

«ኧረ በእንስራ ስቀዳ አላያችሁኝም?» አልሁ።

«ውኃውንማ አንቺ አመጣሽው፤ የባረከው ማን ሆነና ነው?» አሉኝ እትዬ ያልጋነሽ።

ጠብታውን ያልተቀበለ አባቴ ብቻ ነበር። ተጠግቶ በጥፍሩ ዱቄቱን ፋቀው፤ ለረጅም ጊዜ አየው፤ በጋቢው ጠረገውና ሄደ።

በማግሥቱ ጧት ሰምቶ የመጣው ሰው ዳሩን በነጭ አለበሰው፤ ማዶ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ የማያውቅ ሁሉ በዚህች ጀልባ ካልተሻገርሁ ይላል። ርብ ጥቁር ጭቃ መስሎ ግንድ እየነዳ ይወርዳል። አባቴ ዘንጉን ይዞ ከሰዉ ፊት ቆመ። «ዛሬ ሰው አልጭንም። መጀመሪያ ብቻዬን ደርሼ ልምጣ።»

«ጠበል የፈለቀበትን ጀልባ ትፈራለህ? ወንድሜ አይደለህም!» አሉት እህቱ እትዬ ያልጋነሽ።

እኔን «አንቺ እዚሁ ቁሚ» አለኝና ገፋው።

መሐሉ ላይ ሲደርስ የጀልባው አፍንጫ ሊሰግድ ያጎነበሰ መሰለ። ሰዉ እውነትም የሰገደ መስሎት እልልታውን አቀለጠው። እልልታው ሳያልቅ ዘንጉ ብቻውን ሲወርድ አየን።

አባቴን ከቀበርነው ሰንብቶ፣ ውኃው ሲጎድል፣ ጀልባው አበባ ያወጣ ኑግ መሐል ተገኘ። መስቀሉ በአንድ ሚስማር ተንጠልጥሎ ያበራል። ዙሪያው መዳፍ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነው።

ዛሬ ከዚያ ማዶ «ኧረ አሻጋሪ!» ብሎ የሚጣራ የለም፤ ቢጣራም «መጣሁ፣ ነፍስህን ያዛት!» ብሎ የሚመልስለት ድምፅ የለም። ሐሙሲት በተከራየሁት ቤት ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲመታ ተነስቼ እቀመጣለሁ። ጠጉሬን የሠሩኝ፣ ከአንድ መሶብ ያበሉኝ አክስቴም ያን ቀን አብረው ሰጠሙብኝ፤ «ብታምኚ ያምን ነበር፤ የተጠራጠረ ይሰጥማል» ይሉኛል፣ በመጣሁ ቁጥር።

ከአክስቴ ቤት ወጥቼ ጀልባውን አየሁት። ፈንቴ ቀዳዳውን በአሮጌ አሉሚኒየም ድስት ገላ ደፍኖ፣ በዚያው ዓይነት ሚስማር መትቶታል። በቢላዋ ወጋሁት፤ ጠንካራ ነው። እርጥብ ሣር ላይ ነበር፤ እንጨት ላይ እናውጣው ስለው ሳያንገራግር አወጣው።

«መስቀሉንስ?» አልሁት።

አንገቱን አከከ። «እናቴን ማን ይናገራታል፣ እህቴ? ነገ ልጄን ክርስትና ላስነሳ ልሻገር ነው፤ ያለ መስቀሉ ብሻገር ትረግመኛለች።»

ሕፃኗ ቤት ውስጥ ታለቅሳለች። ተመልሼ ገባሁ። እትዬ ያልጋነሽ ፈትገው ጨርሰው መስቀሉን ወደ በሩ ብርሃን አነሱት።

«አየሽ እንዴት እንደሚያበራ?»

«አየሁ፣ እትዬ።»

እጄን ዘረጋሁ፤ ልሳለመው መስሏቸው ሰጡኝ። ተሳለምሁት። ገና እርጥብ ነበር፤ ሎሚ ሎሚ ይላል። በነጠላዬ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁትና ወጣሁ። ስሜን ሲጠሩ ሰማሁ፤ እንደገና ሲጠሩ መንገዱ ላይ ደርሻለሁ። ወደ ሐሙሲት የምትሄደው መኪና ጥሩንባዋን እየነፋች ነበር፤ በሩ ሳይዘጋ ዘልዬ ገባሁ።