እመቤቲቱ የለችም

ባለፈው ኅዳር የሚካኤል ጽዋ ተረኛ እኔ ነበርኩ። እዚህ ሞላሌ አስተማሪ ስለሆንኩ ማኅበርተኞቹ «የተማረችቱ ምን ታበላን ይሆን?» እያሉ ሲቀልዱብኝ ሰንብተዋል። በዋዜማው ራሴን በሻሽ አስሬ፣ አመድ ለብሼ ቤት ሳጸዳ አንዲት አሮጊት ከደጅ ቆመው «የእግዜር እንግዳ!» አሉ። ከግሼ በእግር መጥተዋል። አቧራ የጠጣውን እግራቸውን አየሁ፤ ለነገ ያነጠፍኩትን ነጭ አጎዛም አየሁ።

«እመቤቲቱ የለችም» አልኳቸው፣ ገረድ መስዬ።

«እጠብቃታለኋ፣ ልጄ! እንግዳ አትመልስም ብለውኛል» ብለው አጥሩ ሥር ቁጭ አሉ።

ነፋሱ ይጋረፋል። አንዴ እገባለሁ፣ አንዴ እወጣለሁ። በዚያው ሳምንት ተማሪዎቼን እንግዳ ስለ መቀበል ያስተማርኩ እኔው ነኝ። ልብስ ቀይሬ፣ በጓሮ ዞሬ እንደ አዲስ ልምጣ? ሁሉንም አሰብኩ፤ እውነቱን መናገር ብቻ አቃተኝ።

«እማማ፣ ዛሬ ላትመጣ ትችላለች» አልኳቸው።

«ታዲያ አንቺ እስክትመጣ ጦምሽን ልትውዪ ነው?» ብለው የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱ። ያለቻቸውን አንዲት የበሶ ጭብጦ ገምሰው ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ።

«እማማ፣ እኔ...» ስል ጎረቤቴ ከተፍ አለች። ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «እትዬ አስካለ፣ ለነገ ያሉኝን ብርሌ አመጣሁ» አለች።

አሮጊቷ ቀና እንኳ ሳይሉ ቀድመውኝ መለሱላት።

«የለችም፣ ልጄ። እኔም እየጠበቅኋት ነው።»