አንድ ሊትር ውሃ

ዛሬ ጠዋት ዲላ ባለው ጤና ጣቢያችን፣ ከተመረቀች ወር ያልሞላት ነርስ ለአንዲት እናት የመድኃኒት አወሳሰድ ታስረዳለች። ፈተና ቢሆን ሙሉ ማርክ ያሰጣታል። እናትየዋ በእሺታ ራሷን ትነቀንቃለች። ያን እሺታ አውቀዋለሁ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

እኔም ስመረቅ በሕፃናት ሕክምና ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። የተመደብኩት ከፍስሐ ገነት ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ወሩ ኅዳር፣ ቡና የሚለቀምበት ነበር፤ የገለፈቱ ሽታ ከወንዙ ዳር እየመጣ ምሳዬ ቆጮ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ተቅማጥ የሚበዛውም ያኔ ነው።

አንድ ቀን አስቴር የምትባል ቡና ለቃሚ የዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ኦአርኤስ የምንለውን የተቅማጥ ዱቄት ሰጠኋትና፣ «አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጪው። ገባሽ?» አልኳት።

«እሺ፣ ሲስተር።»

በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። የልጁ ዓይን ጎድጉዷል፤ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል። አንጋፋው ጤና ረዳታችን ጋሽ ጥላሁን በምን እንደለካችው በጌዴኦኛ ጠየቋት። በሻይ ብርጭቆ ነው አለች። ውሃ ከበዛበት መድኃኒቱ ጉልበት ያጣል ብላ ነው። ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ ጨው ሲጠጣ ከርሟል ማለት ነው።

ጋሽ ጥላሁን ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ቤትሽ በምን ትለኪያለሽ ብለሽ ጠይቀሻታል?» አሉኝ።

አልጠየቅኳትም። ማን አስተምሮኝ!

ቡና በጫነ አይሱዙ ወደ ዲላ ይዘነው ስንሮጥ፣ ይርጋጨፌ ሳንደርስ ልጁ አረፈ። አስቴር እጄን ይዛ፣ «እግዜር ይስጥሽ፣ ሲስተር፤ ደከምሽልኝ» አለችኝ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን አልነገርኳትም። ይኸው ተሸክሜው አረጀሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ አዲሷን ነርስ ጠርቼ ታሪኩን አወራኋት፤ መኪናው ላይ እስክንወጣ ያለውን ብቻ። «በቃል አትመኛቸው፤ እዚሁ ፊትሽ ይበጥብጡት» አልኳት። ትምህርት ቤት በሽታውን ያስተምረናል፤ የሕመምተኛውን ቤት ግን የምንማረው ሰው ከጎዳን በኋላ ነው። በየዓመቱ አዲስ ምሩቅ ይመጣል፣ በየዓመቱ ይህንኑ እላለሁ። ደከመኝ።

ልጅቷ፣ «ልጁስ፣ ሲስተር?» አለችኝ።

ከሰኞ ጀምሮ ብቻዋን ነው የምትሠራው። ምሳዋን እስካሁን አልነካችውም።

«ዳነ» አልኳት።